ኑዕማን ቤት የገባው ራውተር

ኮምፒዩተር ተምሬያለሁ የሚል ሰው ስንት ዓይነት ሰበብ እንደሚያውቅ ያየሁት ታምሬ የኑዕማንን ራውተር ሊያስተካክል ሱዳን፣ ሾዋክ የመጣ ሰሞን ነው። ኑዕማን እኔ ሻይ የማፈላበት ቤት ባለቤት ነው። ጦርነቱ ኔትወርኩን ካጠፋው ወዲህ ደንበኛ ስለራቀው ጣሪያው ላይ የሳተላይት ሳህን ተከለና የአገሬን ልጅ ታምሬን ጠራ። ጎንደር ኮሌጅ ገብቶ ነበር አሉ። መግባቱን እንጂ መውጣቱን የነገረኝ የለም።

እኔ ኔትወርኩን የምጠብቀው ለወንድሜ ለደረሰ ነበር። ወባ ጥሎት፣ ከሰሊጥ እርሻው ወጥቶ በመተማ በኩል ወደ እናታችን ከተሻገረ ጀምሮ ይዳን ይባስበት አልሰማሁም። እናታችን ከወለደቻቸው የቀረነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

የመጀመሪያው ቀን ታምሬ ገመድ ሲሰካና ሲነቅል፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጽፍ ዋለ። ራውተር የሚሉት ሳጥን ኢንተርፌስ የሚባሉ በሮች አሉት፣ አንዱ ከሳህኑ ይቀበላል፣ ሌላው ለሰው ያድላል፣ ሁለቱም የየራሳቸው አድራሻ ተሰጥቷቸው መከፈት አለባቸው ብሎ እንደ ቄስ ሰበከን። ወደ ማታ ገበያ ደርሼ ስመለስ ላፕቶፑን ከድኖ ተቀምጧል። የሚቀበለው ተከፍቷል፣ የሚያድለው ግን እምቢ ብሏል አለኝ። ይህን ሲል ቀና ብሎ አላየኝም። ሥራ የማያውቅ ሰው ምን ዓይን አለው ብዬ ናቅሁት።

በማግስቱም እምቢ አለ። አድራሻው ተጋጭቷል አለ። ደግሞ ሙቀቱ ነው አለ፤ ሾዋክ መቼ ቀዝቅዞ ያውቃል? ያ ሁሉ ሳህን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ። አንድ ቀን ሰው ፊት፣ እናትህ አንተን ለማስተማር የሸጠችውን በሬ አርዳ በበላችው ይሻላት ነበር አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ገመዱን መሰካትና መንቀል ቀጠለ።

ከእሱ ይልቅ ያበሸቁኝ ደንበኞቹ ናቸው። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ሞቶ አንዱም አያማርርም። ልጆቹ ከሰላ ከተማ ያሉት ሃይለ እንኳ ሻዩን ፉት ብሎ ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ኑዕማንን ሌላ ሰው አምጣ ስለው፣ በዐረብኛው ስሜን እየጠራ «ቡክራ፣ ያ ዙፋን፣ ቡክራ» ይለኛል። ገንዘቡን አፍስሶ ነገ ነገ የሚል ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ገዳሪፍ ሄጄ ልደውል ብል ሾፌሩ ረድዋን መኪናው ሞልቷል አለኝ፤ ወንበሩን ባዶውን እያየሁት። የበግ መንጋ ናቸው፤ እረኛቸው ደግሞ ታምሬ።

አንድ ጠዋት ገና እሳት ሳልለኩስ የሻይ ቤቱ በር ተንኳኳ። አጎቴ ዓባይነህ ነበር፤ መንደር 8 ከሚሉት የስደተኞች ሰፈር ማዶ ካለ እርሻ፣ ዝናብ ባበላሸው መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጥቷል። ከኋላው ኑዕማን፣ ሃይለ፣ ረድዋን፣ ደንበኞቹ ሁሉ ቆመዋል። ዘመድ በማለዳ ሰው አስከትሎ ለምን እንደሚመጣ የእኛ አገር ሰው ሳይነገረው ያውቃል።

«ዙፋን ልጄ፣ ደረሰ አርፏል» አለኝ።

ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሲያልቅ የቀረውን ነገሩኝ። ያ እምቢ አለ የተባለው የራውተሩ በር በመጀመሪያው ማታ ተከፍቶ ኖሯል። ወሬው ከአገር ቤት ቀድሞ የደረሰው በታምሬ ስልክ ነው። መርዶ ያለ ዘመድ፣ ያውም በስልክ አይሰማም ብሎ በሩን መልሶ ዘጋው፤ አጎቴ ዘንድ ሰው ላከ፤ እስኪደርስም ስድቤን ጠጣ። እሱ ነግሯቸው ሁሉም ያውቁ ነበር።

ታምሬ ደጅ ቆሟል፤ ሊገባ አልደፈረም። ላመሰግነው ይገባኝ ነበር መሰለኝ፤ ግን አልሆነልኝም። ወንድሜ አፈር ለብሶ እኔ ሰው ስሳደብ ሰነበትሁ።

«ክፈተው በቃ» አልሁት።

ገብቶ ላፕቶፑ ላይ አንዲት ቁልፍ ነካ። በየኪሱ የታፈነው መልእክት ሁሉ አንድ ላይ ይጮህ ጀመር፤ የሃይለም፣ የረድዋንም። አንድም ሰው ስልኩን አላወጣም።