የሳቢና ቱሂ ትክክለኛ ዕድሜ

ማላኪ ቱሂ ከአምስት ዓመት ወዲህ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛዬ ፊት ይቆማል። የሚመጣው የመቃብር እሑድ ሲቃረብ ነው። በዚያ እሑድ የኪልዱፍ ሰው አረሙን ነቅሎ፣ አበባውን አስቀምጦ፣ እያንዳንዱ በየወገኑ መቃብር ዙሪያ ይቆማል፤ ቄሱም እየዞሩ ጸበል ይረጫሉ። ማላኪ ግን የሚቆምበት መቃብር የለውም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ጥግ፣ ከመኪኖቹ ጋር ቆሟል።

ተወልዶ ያደገው እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ነው። አባቱ ታዲ ከዚህ ተራራ ሥር እንደተሰደደ፣ እናቱ፣ የማላኪ አያት ሳቢናም በ1924 በሰባ ሁለት ዓመቷ እንደሞተች ነግሮት ሞተ። ልጁ ይህቺኑ ይዞ በሃያ አራት ዓመቱ መጣ፤ ኪልዱፍ ላይ አሮጌ ቤት ገዛ፣ በግ አረባ፣ ዝናቡን ከእኛ እኩል እየተራገመ አረጀ። ሰዉ ግን ዛሬም «እንግሊዙ» ነው የሚለው።

እኔ አትራክታ ደርካን እባላለሁ፤ የሞት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። በዚህ አውራጃ የሞተ ሰው ከእጄ አያመልጥም ብዬ እፎክር ነበር። የማላኪ አያት ፉከራዬን መና አስቀረችው። የ1924ቱን መዝገብ አምስት ዓመት ሙሉ አገላብጫለሁ። ሳቢና ቱሂ የምትባል አንዲት አለች፤ ዕድሜዋ ግን ሰማንያ ስምንት ነው። «ይቺ አይደለችም» እያልኩ አልፋታለሁ።

ዘንድሮም መጣ። እኔ መዝገቡን ስገልጥ እሱ ጎረቤቱን ፌስተስ ላቬልን ያማርራል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረው ፌስተስ አንድ ቀን ግባ ብሎት አያውቅም፤ በግ ጠፍቶ እንኳ የሚነጋገሩት በበሩ ላይ ነው። ጆሮዬ እሱ ጋ ስለነበር ጣቴ የዕድሜውን ዓምድ ዘሎ የመጨረሻው ላይ አረፈ፤ ሰውዬው ሲሞት አጠገቡ የነበረው ሰው የሚጻፍበት ላይ። «ኦነር ላቬል፣ የሟች ልጅ፣ ኪልዱፍ» ይላል። መጻፍ ስለማትችል መስቀል ምልክት አድርጋለች። ኦነር የፌስተስ እናት ናት።

ሰማንያ ስምንቱ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝና ግንባሬን መታሁ። በ1909፣ ያኔ አገራችንን የሚገዛው የእንግሊዝ መንግሥት ሰባ ዓመት ለሞላው ሁሉ ጡረታ ልስጥ አለ። የልደት ወረቀት ያለው ሽማግሌ የለም። ስለዚህ መርማሪው በ1839 ጣራ የገነጠለውን የታላቁን ነፋስ ሌሊት ታስታውሳለህ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያስታወሰ ሰባ ሞልቶታል ማለት ነው፤ አገሩም በሙሉ አስታወሰ። የእኔ አያት እንኳ በአንድ ጠዋት ስድስት ዓመት አርጅታለች። ስድስት ዓመት ልማድ ነው። ሳቢና ግን ነፋሱ ከነፈሰ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ተወልዳ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ሻርፕ ተከናንባ፣ ከዘራ ተደግፋ አስታወሰችው። ይህ ድፍረት ነው። ስትሞት ደግሞ ልጇ መዝገብ ፊት ቀርባ የእናቷን ውሸት አብራ ቀበረችው።

ለማላኪ አልነገርኩትም። አምስት ጊዜ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ፤ እርግጠኛ ሳልሆን አፌን አልከፍትም ብዬ ከሥራ ስወጣ ወደ ፌስተስ ሄድኩ። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው። በወጣትነታችን ዳንስ ላይ እግሬን የረገጠ ሰው ስለሆነ አላፍረውም። ድንች ሲቀቅል አገኘሁት። ሳቢና ቱሂ ምንህ ናት አልኩት።

«ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነበር» አለ።

«ዕድሜዋን ማን ጠየቀህ?»

ድስቱን አውርዶ ተቀመጠና አወጣው። አያቱ ስትሞት አሥር ዓመቱ ነበር። እናቱ ሬሳው ፊት አስማለችው፤ ማንም ቢጠይቅህ ሰማንያ ስምንት ነው በል፣ ሰባ ሁለት እያለ የሚመጣ ካለ ጡረታውን ሊያስመልስ የመጣ የመንግሥት ሰው ነው፣ ቤታችንን ይወስዱታል አለችው። ከዓመታት በኋላ እንግሊዝኛው የኮቨንትሪ የሆነ ጎረምሳ በሩ ላይ ቆሞ፣ በሰባ ሁለት ዓመቷ የሞተች ሳቢናን ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

«ቱሂ ነኝ ሲልህስ?»

«ሰላይ የሚልክ መንግሥት ስም ይቸግረዋል?»

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በግ የሚጠብቅ ሰላይ የት አይተሃል?»

መሬት መሬት አየ። «ዓመት ሳይሞላው ገብቶኛል» አለ። «አረማመዱ የአጎቴ የታዲ ነው። ግን አንዴ አላውቃትም ብያለሁ። ውሸት ሲከርም ለማንሳት ይከብዳል። ደግሞም ለእናቴ ምያለሁ።»

«የአጎትህ ልጅ በየዓመቱ ከመኪና ጋር ይቆማል» አልኩት። «አንተ ስሟ ያልተቀረጸበት የአያቱ መቃብር ላይ ቆመህ ታየዋለህ። ጡረታውን የሰጣት መንግሥት ራሱ ከዚህ አገር ከወጣ ስንት ዘመኑ። እስከ እሑድ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።» ድስቱን መልሶ እሳቱ ላይ ጣደ።

እሑድ ካፊያ ነበር። የእኔ ወገኖች የተቀበሩት በማዶው ሰበካ ቢሆንም ኪልዱፍ ሄድኩ። ማላኪ ኮፍያውን ይዞ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ቄሱ አባ ኮልማን እየዞሩ የላቬሎች መቃብር ጋ ደርሰው ጸበሉን ሊረጩ እጃቸውን ሲያነሱ፣ ፌስተስ አንድ ጊዜ ይቆዩኝ አላቸው። ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰ።

«ማላኪ፣ እዚያ ከሰው መኪና ጋር ምን ትሠራለህ? አያትህ ያለችው እዚህ ነው። የአባትህ እናት፣ የእናቴም እናት። ሳቢና ቱሂ።» ጣቱን ወደ መቃብሩ ቀሰረ። «ስትሞት ሰባ ሁለት ዓመቷ ነበር።»

ኪልዱፍ ውስጥ የአያቱን እውነተኛ ዕድሜ በአደባባይ የተናገረ ሰው ኖሮ አያውቅም። ከዚያ አሮጊቷ ዊኒ ካፈርኪ ከኋላ፣ «የኔዋ ስድሳ ዘጠኝ ነበረች፤ ድንጋዩ ላይ ሰማንያ ነው ያስቀረጽነው» አለች። «የኛዋ አየሁት ያለችው ነፋስ ሲነፍስ እናቷ እንኳ ገና ልጅ ነበረች» አለ ሌላው። ከዚህም ከዚያም ዕድሜ ይወርድ ጀመር፤ መቃብሩ በአንድ ጊዜ መቶ ዓመት ወጣት ሆነ። አባ ኮልማን እጃቸውን አውርደው ከሰዉ ጋር ሳቁ።

ማላኪ በመቃብሮቹ መሀል ቀስ ብሎ መጣ፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ማላኪ።

«ሰላይ መስለኸኝ።»

«ምንህን ልሰልል?»

ማላኪ አተኩሮ አየውና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቀ ነው፣ እንባውም አብሮ ይወርዳል። ፌስተስ ግማሽ እርምጃ ተጠጋለት። ማላኪ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ አያቱ እግር ሥር ቆመ፤ ቄሱም ለሁለቱም አንድ ላይ ረጩላቸው።

«ሲያልቅ ወደ ቤት ግባ» አለው ፌስተስ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ሻይ አለ።»