ሙሽራዋን የወረወረው ባቡር

“ያ ባቡር እኮ ሰው በልቷል” አሉ አማትየዋ፣ ዛሬም ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው። “በመጣበት አገር ሙሽራ ከነቬሎዋ ከላይ ወርውሯል።” ትናንት ዳቦ ቤት፣ ከትናንት ወዲያ ታክሲ ውስጥ ያወሩት ይህንኑ ነው። በተወራች ቁጥር ሙሽራዋ ይበልጥ ታምራለች፤ የምትወድቅበትም ከፍታ ይጨምራል።

ባቡሩ በመዝናኛ ፓርኩ ያለው፣ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚምዘገዘገው ሮለር ኮስተር ነው። የምታንቀሳቅሰው ደግሞ የአማትየዋ ምራት ናት። ስለ እሱ ክፉ ሲወራ እሷ የተሰደበች ያህል ያንገበግባታል። ከእንጨት የሚሠሩት ባቡሮች ዘመን ካለፈ በኋላ ከብረት ቱቦ የተሠራ፣ ሁለት አገር አገልግሎ፣ ተፈታትቶ በመርከብ የመጣ፣ የአንድ ሰው ጥፍር ያልነካ ባቡር ነው። ጎማዎቹ ሐዲዱን ከላይ፣ ከጎንና ከሥር አንቀው ስለሚይዙት ልውደቅ ቢልም አይችልም። ይህን ለአማቷ ስንቴ አስረድታለች። እሳቸው ግን “ደሞዝሽ ነው፣ ሌላ ምን ትያለሽ” ብለው ወደ ጎረቤት ይዞራሉ። ወሬው ሰዉን ካሸሸ መጀመሪያ የምትባረረው እሷ ናት።

ሰኞ ፓርኩ ዝግ ነው፤ ባቡሩ በሰው ፋንታ የአሸዋ ከረጢት ጭኖ ይፈተናል። “መጥተው በዓይንዎ ይዩት” ብላ አግባብታ አመጣቻቸው። ፊተኛው ወንበር ላይ ለአፍታ አረፍ እንዲሉ ጋበዘቻቸውና፣ ገና ከመቀመጣቸው ደረታቸው ላይ የሚወርደውን ብረት ጥርቅም አድርጋ ቆለፈችው።

“ምን እያደረግሽ ነው፣ ልጄ?”

“ሙሽራዋን ከላይ ሆነው ይፈልጓት፣ እማማ።”

የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነች። መካኒኩ እየሮጠ መጥቶ “ኧረ በእናትሽ፣ አሮጊት ናቸው፤ አቁሚው” አላት።

“ፈተናው ሦስት ዙር ነው” አለችው፣ ዞር ብላም ሳታየው።

በመጀመሪያው ዙር ጩኸት ተሰማ። በሁለተኛው ጸሎት። በሦስተኛው የጎማዎቹ ድምፅ ብቻ።

ሻሻቸው ወልቆ፣ ቀሚሳቸው ረጥቦ ወረዱ። ጭረት እንኳ አልነካቸውም። አንድ እግራቸው ግን ባዶውን ነበር። “ጫማዬ” አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ባቡሩ ትንፍሽ አላሉም፤ ምራታቸውንም አላናገሩም። ወሩ ሳይሞላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሴት ልጃቸው ዘንድ ገቡ። የምራትየዋ ባል “እናቴን ምን አድርገሻት ነው?” ሲላት “ባቡር ጋበዝኳቸው” አለችው።

ወሬው ሞተ፤ ባቡሩ ላይ ለመሳፈር የሚቆመው ሰልፍም ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ሄደ። ዓመቱ ሳያልቅ ባቡሩ ለብረት ገዢዎች ተሸጠ። ሊቆርጡት የመጡት ሰዎች ከሣሩ ውስጥ የሴት ጫማ አግኝተው ሰጧት። ይቅርታ መጠየቅ ለእሷ ጠጠር እንደ መዋጥ ነው፤ ቢሆንም ጫማውን አራግፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዛሬውኑ ልትወስድላቸው ቆረጠች። የምትላቸውንም አሰናድታለች፤ “ወሬዎ እንጀራዬን ሊያሳጣኝ ሆኖብኝ ነው፣ እማማ።”

የፓርኩ ባለቤት በር ላይ አገኛት።

“አማትሽ ደህና ናቸው?” አላት፣ እየሳቀ። “ሙሽራዋን እኮ የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ምሳ ሊያደርሱልሽ የመጡ ቀን በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው። ጎረምሳው ሁሉ የሚሰለፈው እሷን ፈልጎ ነበር፤ እሳቸው ዝም ካሉ ወዲህ ማን ይምጣ?”