ለወይዘሮ ኣብርሀት ፊት የሚሆን ሌንስ

ካሜራው ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ተልኮ ሲደርስ አቶ ከፋለ ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱት። ርዕሰ መምህሩ በእጃቸው ያልነኩትን ነገር የማያምኑ ሰው ናቸው። ስፖንጁን አንስተው ወደ ውስጥ አዩና ፊታቸው ጭፍግግ አለ።

«ይሄ እኮ ፊት የለውም!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ አራት ነበር። ከመቀሌ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለው ትምህርት ቤታቸው አርባኛ ዓመቱን ሊያከብር ሁለት ወር ቀርቶታል። ከዚያው ተምሮ መሐንዲስ የሆነ አንድ ሰው «በዓሉን አንሱበት» ብሎ የራሱን ዲጂታል ካሜራ ላከ፤ ሌንሶቹን ግን ለገዛው አዲስ ካሜራ አስቀራቸው። የመጣው ጥቁር አካሉ ብቻ ነው፤ ሌንስ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አፉን እንደከፈተ።

አቶ ከፋለ ካሜራውን እንዳቀፉ መምህራን ማረፊያ ገቡና የፊዚክስ አስተማሪዋን ፈለጓት።

«ዳግማዊት፣ ስለ ሌንስ የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም? በይ ደህናውን መርጠሽ አምጪ። ቀዳማይ ወያነ ገበያ፣ ሸረፈዲን ሱቅ መስኮት ላይ አንድ ረጅም አለ፤ እሱን ሳታዪ እንዳትመለሺ።»

ዳግማዊት እሺ አለች፤ እሺ ያለችው ግን አንገቷን ደፍታ ነው። ከደብረ ብርሃን መቀሌ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዘጠኙንም ዓመት ሌንስ በጠመኔ ሥላለች፤ መሀሉ ወፈር፣ ዳርና ዳሩ ሳሳ ያለ፣ ጨረሮቹ አልፈውት አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙ። በቤተ ሙከራው ሳጥን የነበረችው አንዲት አጉሊ መነጽር እሷ ከመምጣቷ በፊት ተሰንጥቃለች። እውነተኛ የካሜራ ሌንስ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የገበያውን አቧራ ሲያስነሳ ሸረፈዲን ሱቅ ደረሰች። ሬዲዮ፣ ሪሞት፣ የስልክ ባትሪ እስከ ጣሪያ የተደረደረበት ጠባብ ሱቅ ነው። ረጅሙ ሌንስ መስኮቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎለት ብቻውን ቆሟል።

«ከመይ ውዒልኪ፣ መምህርት» ብሎ ሰላም አላት ሸረፈዲን፤ የመጣችበትን ስትነግረው ፊቱ በራ። «እሱማ የሱቄ ሙሽራ ነው! ከዚህ ሆነሽ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው ጢሙን ትቆጥሪያለሽ።»

«ሌላስ አለህ?»

ቅር እያለው ሁለት አወጣ። አንዱ መካከለኛ ቁመት ያለው፣ እየተዘረጋ የሚሰበሰብ ነው። ሌላው አጭርና ቀላል፣ እፍኝ የማይሞላ ነው። ዳግማዊት አጭሩን አንስታ ዙሪያውን አነበበች፤ ሃምሳ ይላል፣ ቀጥሎ አንድ ነጥብ ስምንት።

«ሃምሳው ምንድን ነው?»

«እንጃ።»

«አንድ ነጥብ ስምንቱስ?»

«ሓፍተይ፣ እኔ የምሸጥ እንጂ የማነሳ ሰው አይደለሁም» አለ ሸረፈዲን ሳቅ ብሎ። «ቁጥሩ ሲበዛ ይሻላል ይላሉ። ሲያንስም ይሻላል የሚሉ አሉ።»

ሃምሳው የትኩረት ርቀቱ መሆን አለበት ብላ ገመተች፤ ሰሌዳ ላይ ስትሥለው የኖረችው ያው ርቀት፣ በሚሊ ሜትር። አንድ ነጥብ ስምንቱ ግን አልገባትም። ሃምሳን ለእሱ አካፈለችው፤ ሃያ ስምንት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ወጣ። ይህ ሃያ ስምንት ከሌንሱ ላይ የቱ ጋ ይሆን? ድንገት ከቦርሳዋ ማስመሪያ አውጥታ የፊቱን መስታወት ከዳር እስከ ዳር ለካች።

ሃያ ስምንት ሚሊ ሜትር።

«አፉ ነው!» አለች ጮክ ብላ። «ቁጥሩ አፉን ነው የሚለካው፣ ሸረፈዲን! ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል፤ አፉ ሲሰፋ ብርሃን በብዛት ይገባል።»

«ዋእ!» አለ ሸረፈዲን፤ ማስመሪያውን ተቀብሎ ራሱ ለካ። ደግሞ ለካ። አንድ ገዢ የሪሞት ባትሪ ጠይቆት ሳይሰማው ቀረ። ዳግማዊት የመካከለኛውን ቁጥር አይታ በእጇ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ አሰላች፤ ትንሹ ሌንስ ከእሱ አሥር እጥፍ ሊጠጋ የሚደርስ ብርሃን ያስገባል። ረጅሙም ቢሆን ከትንሹ ጋር አይወዳደርም።

«ብርሃን ማስገባት ብቻውን ግን ጥሩ አያሰኘውም» አለች። «ጥርት አድርጎ ማሳየቱን በምን እናውቃለን?»

ሸረፈዲን ሌንሶቹን ለማንም አውሶ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እሱም ማወቅ ፈለገ። በማግስቱ እሑድ ሦስቱንም በፎጣ ጠቅልሎ፣ በባጃጅ አቅፏቸው፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ።

ዳግማዊት አሮጌ ጋዜጣ በቤተ መጻሕፍቱ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ለጥፋ ጠበቀችው። ፊደሉ ጥቃቅን ስለሆነ አይዋሽም ብላ አስባ ነው። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ፣ ከመጻሕፍት ክምር በላይ አስቀምጠው በየተራ አነሱ። ከዚያ ቢሮ ገብተው ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ አጎሏቸው። የትንሹ ፎቶ መሀሉ ጥርት ያለ ነው፤ ዳርና ዳሩ እኩል ለስለስ ብሏል። መካከለኛውም ደህና ነው። የረጅሙ ሲከፈት የቀኝ በኩሉ ፊደል ሁሉ ይነበባል፤ የግራው ግን ብዥ ብሏል፣ ውኃ የነካው ይመስል።

«ካሜራውን አጣመሽ አስቀምጠሽው ነው» አለ ሸረፈዲን።

«ሊሆን ይችላል።» ዳግማዊት ትንሽ አሰበች። «ገልብጠን እናንሳው። ጥፋቱ የአቀማመጤ ከሆነ ያው የግድግዳው ግራ ብዥ ይላል። የሌንሱ ከሆነ ግን ብዥታው አብሮት ይዞራል።»

ካሜራውን አናቱን ወደ ታች፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርገው፣ በፎጣው ደግፈው አነሱና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሱ። አሁን የግድግዳው ግራ ጥርት አለ፤ ብዥ ያለው ቀኙ ነው። ብዥታው ከሌንሱ ጋር ዞሯል።

ሸረፈዲን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ባለፈው ዓመት መደርደሪያውን ስወለውል ሲሚንቶ ላይ ወድቆብኛል» አለ በመጨረሻ። «ብድግ አድርጌ አየሁት። መስታወቱ አልተሰነጠቀም። አልሐምዱሊላህ ብዬ መለስኩት። ለሰው ይቅርና ለሚስቴም አልነገርኩም።»

ዳግማዊት ትናንት «የሱቄ ሙሽራ» ሲል የበራውን ፊቱን አስታውሳ አዘነችለት።

«ባንፈትነው ኖሮ ገዝቼው ነበር» አለች።

«እሱማ» አለ፤ ከዚያ ረጅሙን ሌንስ ከሌሎቹ ለይቶ ለብቻው ጠቀለለው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ከፋለ ነገሩን ሰምተው አልተዋጠላቸውም። ትንሹን ሌንስ በሁለት ጣታቸው አንጠለጠሉት።

«ይቺን የጠርሙስ ክዳን የምታህለውን ይዤ እንግዶች ፊት ልቁም?»

«የምናነሳው ማንን ነው፣ አቶ ከፋለ?»

የጡረተኛ መምህራኑን ፎቶ ነበር አስቀድመው የሚፈልጉት፤ ሰባት ሰዎች፣ ማረፊያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ። ከሰባቱ አንደኛዋ ወይዘሮ ኣብርሀት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ አቶ ከፋለንም ሳይቀር። ዓይናቸውን ታመው ብርሃን ካስቸገራቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በየጊዜው ፍላሽ ይዘው የሄዱ ሦስት ፎቶ አንሺዎችን ከደጅ መልሰዋል።

«እንግዲያው እሳቸው ይፍረዱ» አሉ አቶ ከፋለ። «እሳቸውን ካነሳሽልኝ ይቺኑ እንገዛለን።»

ወይዘሮ ኣብርሀት የሚኖሩት ወደ እንዳ ኢየሱስ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ዳግማዊት ስትገባ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፤ እሳቸው ጥቁር መነጽር አድርገው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

«ፍላሽ ይዘሻል?» ነው ያሉት፣ ሰላምታውን ሳይጨርሱ።

«አልያዝኩም፣ ኣደይ።»

«ያለ ፍላሽ በዚህ ጨለማ ምን ይታይሻል?»

«እኔም እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

መልሱ ሳይገርማቸው አልቀረም፤ ወንበር አመለከቷት። ዳግማዊት ፈቃድ ጠይቃ አንዱን መጋረጃ አንድ ክንድ ያህል ከፈተችና የሌንሱን አፍ እስከ መጨረሻው አስፍታ አነሳች። ፎቶው በራ፤ ያ ጨለማ ክፍል ቀን መሰለ። አጉልታ ስታየው ግን ደነገጠች፤ የአፍንጫቸው ጫፍ ጥርት ብሎ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ሁሉ ጭጋግ ሆኗል።

«ምን ሆነሽ ዝም አልሽ?»

«አፍንጫዎን ብቻ ነው ያነሳሁት» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

ደግማ ሞከረች፤ አሁን ደግሞ ጆሯቸው። ሌንሱ አፉን በሰፊው ሲከፍት ጥርት የሚለው አንድ ስስ ቦታ ብቻ መሆኑን በዚያው ተረዳች፤ በመጽሐፉ አልነበረም፣ ወይም ቢኖርም አልፋው ሄዳለች። አፉን ትንሽ አጠበበችው።

«ቆይ፣ ጓለይ» አሉ ወይዘሮ ኣብርሀት። «ነገሩን አሳዪኝ። ምንድን ነው የሚሠራው?»

ዳግማዊት ሌንሱን ከካሜራው ፈታችው። በቃል ከማስረዳት ብላ ከቦርሳዋ የፈተና ወረቀት አውጥታ ጀርባውን ገለበጠች፤ ሌንሱን ወደተከፈተው መስኮት አዙራ ወረቀቱን ከኋላው ጥቂት ጣት አርቃ ያዘች። ወደፊት ወደኋላ ስታደርገው ድንገት ወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ መንገድ በቀለሟ ወጣች። ተዘቅዝቃለች፤ ሰማዩ ከታች፣ ዳገቱ ከላይ። ከክፍል የወጡ ተማሪዎች እግራቸውን ወደ ላይ አድርገው ይራመዳሉ። አንዲት ልጅ ጃንጥላ ይዛለች።

ዘጠኝ ዓመት በቀስት ስታመለክተው የኖረችው ምስል ነው። ዳግማዊት ራሷ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ኣይ እግዚኦ!» ወይዘሮ ኣብርሀት ጎንበስ አሉ። መነጽሩ ስላጨለመባቸው አውልቀው አልጋው ላይ ጣሉት። ምስሉ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ዓይናቸውን አልወጋቸውም። «ይሄ የእኛ መንገድ ነው? ይሄ እኮ አሁን የሚሄድ ሰው ነው!»

«አሁን ነው፣ ኣደይ።»

«አራት ዓመት አላየሁትም። ወደ ውጭ ሳይ እንደ መርፌ ነው የሚወጋኝ።» ጣታቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠጉ፣ ሳይነኩት። «ጃንጥላው ቀይ ነው አይደል?»

ቀይ ነበር። ልጅቷ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥታ እስክትጠፋ በዓይናቸው ተከተሏት፤ ከዚያም ያልፍ የነበረውን ሁሉ፣ ባጃጁንም አህያውንም። ዳግማዊት ክንዷ እስኪዝል ሌንሱን ይዛላቸው ቆየች። በመጨረሻ መልሳ ካሜራው ላይ ስትገጥመው ወይዘሮ ኣብርሀት መነጽራቸውን ማድረጉን ረስተው ነበር።

«ለምን ተዘቀዘቀ? እሱን አልነገርሽኝም» አሉ ቀና ብለው።

ዳግማዊት ያን ጊዜ አነሳቻቸው። ቅንድባቸው ከፍ ብሏል፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ መልስ እስኪሰጥ የሚጠብቅ አስተማሪ ፊት ነው።

አቶ ከፋለ ፎቶውን ደጋግመው አዩት። «ክፍል ውስጥ እንዲህ ነበር የሚያዩን» አሉ። ትንሹ ሌንስ በዚያው ሳምንት ተገዛ። ሸረፈዲን ረጅሙን ከመስኮቱ አነሳው፤ ከዚያ ወዲህም እጁ የገባውን ሌንስ ሁሉ ከመሸጡ በፊት ጋዜጣ ለጥፎ ይፈትነዋል፤ ግራ ሲገባው ለዳግማዊት ይደውላል።

እሷም ከእሱ አንድ ነገር ለመነች። ከውዳቂ ዕቃ ሳጥኑ፣ ከሞተ የፊልም ካሜራ የተፈታ ሌንስ ሰጣት። በጫማ ካርቶን አፍ ላይ ገጠመችው፤ በሌላው በኩል ዘይት ያጠጣችው ስስ ወረቀት ለጠፈችና ለወይዘሮ ኣብርሀት አደረሰች። መጋረጃው መሀል ተሰክቶ መንገዱን ከነቀለሙ ወደ ክፍሉ ያስገባላቸዋል።

ከአሥር ቀን በኋላ ልትጠይቃቸው ብትሄድ ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረሷትም።

«ንዒ፣ ነዪ እዪው! ጎረቤቴ ተኽለ ፊት ለፊት ያለውን ቤቱን ሰማያዊ ቀብቶታል። በየቀኑ እየመጣ ይጠይቀኛል፤ አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም!»