የጾም ሳሙና

ሳሙና ሲፈላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዩ! እኔ ካየሁ ወዲህ ሙቅ የሚባል ነገር አፌ አይገባም።

ይህን ጉድ ያመጣችብን ንግሥቲ ናት፤ የባለቤቴ የታናሽ ወንድማቸው ሚስት። ባለቤቴ ቄስ መንግሥቴ በፎገራ ሜዳ ከአንዲት ደብር ቀዳሽ ነበሩ። ወንድማቸው አለምነህ በጃንሆይ ጊዜ አሥመራ በወታደርነት ከርሞ፣ ንግሥቲን አግብቶ ተመለሰና ከእኛው ግቢ ጎጆ ቀለሰ። ሙሽሪት ከጓዟ ጋር ትልቅ ቆርቆሮ አስጭና መጣች።

«ኮኮናት ይባላል እትዬ፤ ከምጽዋ ነው የመጣው» አለችኝ። «ከባሕሩ ጥግ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ከፍሬው ዘይት ይወጣል። ሳሙና እሠራበታለሁ።»

«እንዶድ ምን በደለሽ?» አልኳት።

«ያስነጥሰኛል።»

ያስነጥሳታል! እናቶቻችን ሁሉ እያነጠሱ አጥበው የለም እንዴ?

የምድጃ አመድ ቂጧ በተነደለ እንስራ ጠቀጠቀችና ውሃ አፈሰሰችበት። ከሥር ጠብ ጠብ የሚለውን ቡናማ ውሃ በጣቴ ብነካው ሙልጭልጭ አለኝ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ቆዳዬን አቃጠለው። ያንን ከዘይቱ ጋር ደባልቃ ትጥደዋለች፤ ስታማስል ትውላለች። ሲወፍር ከማማሰያው ላይ እንደ ንፍጥ እየተጎተተ ይንጠለጠላል፤ ኤዲያ! ሽታው ደግሞ መጥፎ እንኳ ቢሆን ደግ ነበር፤ ይጣፍጣል። አመድና ጣፋጭ ምን አገናኘው? አፍንጫዬን ይዤ ነበር ከደጅ የምቀመጠው።

«ከዚህ ነው ንጹሕ የሚወጣው? ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» አልኳት።

«ማን ብዪ አለሽ እትዬ?» ብላ ሳቀችብኝ።

መቼም ያነጣል፤ አልዋሽም። የቄስ መንግሥቴን ቀሚስና ጋቢ ጉማራ ወንዝ ወርዳ በዚያ ልፋጭ አሸችው፤ ተመልሶ ሲሰጣ ዓይን ይወጋ ነበር። ቄስ መንግሥቴ ደግሞ ነጭ ልብስ ነፍሳቸው ነው። «ጥምጥሜንም ጨምሪልኝ ልጄ» አሏት። እኔ እንዲያ ሲሉኝ ሰምቼ አላውቅም።

ዐቢይ ጾም ገባ። አንድ ማለዳ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ጎረቤታችን ደብሬ እሳት ልትጭር ብቅ አለች። ቆርቆሮው ክፍቱን ነበር። ጎንበስ ብላ አየችና፦

«በስመ አብ! በሁዳዴ ሞራ?» ብላ አማተበች።

እኔም አየሁት። ማታ እንደ ውሃ ሲፈስ የነበረው ዘይት ረግቶ፣ ነጥቶ፣ ከሰንጋ ኩላሊት ላይ እንደሚገፈፈው ሞራ ድፍን ብሎ ተቀምጧል። ጀርባዬን ሰቀጠጠኝ። ከእጄ እስከ ክርኔ የነካኝ መሰለኝና በቀሚሴ ጠረግሁት።

«ብርድ ነው ያረጋው፤ ፀሐይ ሲሞቀው ይቀልጣል» አለች ንግሥቲ።

«ሞራስ ይቀልጥ የለ?» አለቻት ደብሬ። እሳቱንም ሳትጭር ወጣች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች! ወሬው ወረታ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ሞራነቱም ቀርቶ የአሳማ ሞራ ሆኖ መጣ። ፈረንጅ ካለበት አገር የመጣ ሞራ ከአሳማ ሌላ የምን ይሆናል አሉ።

የደብሩ አለቃ ገሰሰ ባለቤቴን አስጠሯቸው። «በአሳማ ሞራ በታጠበ ልብስ መቅደስ ይገባል ተብሏል። ነገሩ እስኪጣራ ከቅዳሴ ይታቀቡ» አሏቸው።

ቄስ ከቅዳሴ ታግዶ ምን ቀረው? ፋሲካ እየደረሰ! ቄስ መንግሥቴ ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። «በሰው ፊት ከምዋረድ ሞቴን ባደረገው» እያሉ አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። የሳቸው ክህነት የእኔም ማዕረግ ነው፤ ሌላ ምን አለኝ? ንግሥቲን ያን ሰሞን ዓይኗን ማየት አስጠላኝ።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ከቅጽሩ በር ከዋርካው ሥር ተሰበሰብን። አለምነህ ቆርቆሮውን ተሸክሞ አምጥቶ መኻል አስቀመጠው። እንደ ረጋ ነው።

«ሞራ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፤ ማንም ያውቀዋል» አሉ አለቃ። «ጾሙ የታመነ ሰው ይቅመስና በእግዜር ስም ይመስክር።»

ንግሥቲ ፈጥና እጇን ሰደደች። «እሷማ ምን የማትበላው አለ!» አለች ደብሬ። ሰው ሳቀ። አለቃ ወደ ባለቤቴ ዞሩና፦

«ልብሱ የእርስዎ ነው» አሏቸው።

ቄስ መንግሥቴ ቆርቆሮውን አዩ። ያ ሁሉ ሰው እሳቸውን ይጠብቃል።

«በዚህ አፍ ነው የምቀድሰው» አሉ በመጨረሻ። «የአሳማ ቢሆን በምን ይነጻል? ይርገዱ ትቅመስ።»

እኔ! እኔ ሚስታቸው፣ አብሬያቸው የቆረብኩት! የሳቸው አፍ አፍ ነው፣ የእኔ የቆሻሻ መጣያ ነው? ይህን ሁሉ በሆዴ ነው ያልኩት፤ በሰው ፊት ባሌን አላዋርድም። የአሳማ መሆኑን ደግሞ ከደብሬ ይልቅ የማምነው እኔ ነበርኩ። በጣቴ ጫርኩ። ከጥፍሬ ሥር ገባ። ዓይኔን ጨፍኜ ምላሴ ላይ ሳደርገው የአሳማው ጠጉር ሁሉ ታየኝ።

ቀለጠ። ምላሴን እንደነካ ሟሟና ውሃ ሆነ። ላንቃዬን በምላሴ ብልሰው ምንም የለበትም።

«ዘይት ነው» አልኩ። «እግዜር ምስክሬ ነው፤ ሞራ አይደለም።»

ሳሙናውን እንዴት እንደምጠየፈው አገር ያውቅ ስለነበር አመኑኝ። አለቃም «ይግቡ፤ ይቀድሱ» አሏቸው።

«አላልኳችሁም?» አሉ ቄስ መንግሥቴ ደረታቸውን ነፍተው። መቼ ነው ያሉት እቴ? እኔ ከዋርካው ጀርባ ዞሬ አስመለሰኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ ያንን ነጭ ልብስ ለበሱ። ንጋት ላይ እሳቸው ቀድሰው፣ አብረን ልንቆርብ ነበር። ጥምጥማቸውን ሳቀብላቸው፦

«ይርገዱ፣ ለማንኛውም አንቺ ከነገው ቁርባን ቅሪ» አሉኝ።

«ምነው? ምን ሆንኩ?»

«ያ ነገር አፍሽ ገብቷል እኮ። እንዲያው የአሳማ ቢሆንስ?»

አፌን ያዝኩ። «ልብሱስ ታዲያ?» አልኳቸው።

«ልብሱማ ዘይት ነው ብለሽ መስክረሻል!» ብለው ጫፉ መሬት እንዳይነካ ሰብሰብ አድርገው ወጡ።

የቄስ ትዳር አይፈታም፤ የቆረቡበት ነው። አብረን ኖርን፤ ልጆችም ወለድን። እንግዳ ባለበት ገበታ ላይ ሊያጎርሱኝ እጃቸውን ሲዘረጉ አፌን ዘግቼ ጉርሻውን በእጄ እቀበላለሁ። ሰው ምነው ሲለኝ ጥርሴን ያመኛል እላለሁ።