የጋሽ ዘሩ ምስክርነት

ወንድሜ ደስታው ጀርመን አገር ብረት ይሸከማል። ቡሬ እያለ በያጅ ነበር። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የማንኩሳን ቤተ ክርስቲያን በር የበየደ ልጅ ዛሬ ለሌሎች በያጆች ብረት ሲያቀብል ይውላል። የሙያ ወረቀቱን ለቀጣሪዎቹ አሳይቷቸው ነበር፤ አገላብጠው መለሱለት።

ባለፈው ዓመት በሚሠራበት ፋብሪካ አንድ የበያጅ ቦታ ተገኘ። አለቃው «ሥራ ያስተማረህን ሰው በስልክ ላነጋግረውና ከዚያ እወስናለሁ» አለው። ያስተማሩት ጋሽ ዘሩ ናቸው፤ ቡሬ መናኸሪያ ጀርባ ብየዳ ቤት ያላቸው። ደስታው ደውሎ «ፍሬ፣ ይኼ ካመለጠኝ ሸክም ላይ ማርጀቴ ነው፤ አጠገባቸው ሁኚልኝ» ስላለኝ በቀጠሮው ቀን ከፍኖተ ሰላም ተሳፍሬ ሄድኩ።

ጋሽ ዘሩ ሠራተኞቹን ዝም አሰኝተው፣ ታጥበው፣ ንጹሕ ጋቢ ደርበው ጠበቁኝ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አለቃው በጀርመንኛ ሲናገር አንዲት አስተርጓሚ በአማርኛ ትነግረናለች።

«ደስታው በብየዳ እንዴት ነው?» አለች።

«ደኅና ነው። ምንም አይልም» አሉ ጋሽ ዘሩ።

«ጎበዝ ነው?»

«ይሞክራል። እግዜር ይርዳው።»

ክርናቸውን ነካ አደረግኋቸው። አላዩኝም።

«ካስተማሯቸው ሌሎች ልጆች ይበልጣል?»

«ሁሉም ልጆቼ ናቸው። ምን ብዬ ልለያቸው?»

ስልኩ እንደተዘጋ አላስቻለኝም። «ጋሽ ዘሩ፣ ምነው እንዲህ አደረጉን? እውነት ከደስታው የሚበልጥ ልጅ አለዎት?»

«የለኝም። እኔንም ይበልጠኛል።»

«ታዲያ ይኼን ምናለ ለሰውየው ቢነግሩት?»

«ፊቱን ለማላየው ሰው? እሳት የሚይዝ ልጅ እንዲህ አይሞገስም፣ የኔ ልጅ፤ ዓይን ይበላዋል። ታናሽ ወንድሜን ገበያ መሐል አሞገሱት። ሰንበት ሳይደርስ ፍንጣሪ ዓይኑን አጠፋው።»

ቡሬ ውስጥ ጋሽ ዘሩ «ይሞክራል» ያሉለት ሰው ሥራ አይለምንም፤ እሱ ራሱ ይለመናል። እዚያ ጀርመን ግን ሰው ለገበያ እንደቀረበ በሬ ጥርሱንም ጉልበቱንም ካላሳየ የሚያየው የለም። ደስታውም ቢሆን ያው የእኛው ልጅ ነው፤ ሲቀጠር «ምን ትችላለህ?» ቢሉት አንገቱን ደፍቶ «የታዘዝኩትን» ብሎ ነው ሸክም ላይ የቀረው።

ደስታው ለምኖ ሌላ ቀጠሮ አገኘ። ለጋሽ ዘሩ ነገሩን ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። «ለእሱ ከሆነ እሺ» አሉ። በሁለተኛው ጥሪ ገና ሳይጠየቁ ተነሥተው ቆሙ።

«ይበልጠኛል» አሉ። «ባለሙያ ነው። የሠራው ሥራ አንድ ቀን ተመልሶበት አያውቅም። እኔ ሳስተምረው ኖሬ፣ በኋላ ከእሱ ነው የተማርኩት። እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ።»

በወዲያኛው በኩል ብዙ ጀርመንኛ ተነገረ። አስተርጓሚዋ ጋሽ ዘሩን አመስግና «ስልኩን ለእህቱ ይስጡልኝ» አለች። ድምፁን ቀንሼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«አለቃው ያመነው የመጀመሪያውን ቃል ነው» አለችኝ። «የአሁኑን ቤተሰብ ያስጠናቸው መስሎታል። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል።»

«አንቺ አማርኛ ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው ቀን ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ግን የተባለውን ብቻ ነው የምተረጉመው።»

ስዞር ጋሽ ዘሩ ወደ መሬት «እንትፍ፣ እንትፍ» እያሉ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። እጃቸው ጋቢያቸውን ጨምድዶ ይዟል።

«ምን አሉ?»

«አመሰገኑዎት።»

«ተመስገን። በይ አሁኑኑ ደውይለት። ነገ ሲበይድ መነጽሩን ለአፍታ እንኳ እንዳያወልቅ። አሞግሼዋለሁና ዓይኑን ይጠብቅ በይልኝ። አደራ።»

«እሺ» አልኳቸው። ነገ እሳት እንደማይነካ ልነግራቸው አፌ አልታዘዝ አለኝ።