የኤሊሴዮ የመጨረሻ ቅጠል

ባሌ ኤሊሴዮ የሞተው ያመረትነውን ትምባሆ ሰቅሎ በጨረሰ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ቅጠሉ ገና አረንጓዴውን አለቀቀም ነበር። ሰው ሥራውን እንዲህ ጅምር ላይ ጥሎ ይሄዳል? ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

እኛ አገር፣ ትምባሆ አብቃዩ ፒናር ዴል ሪዮ፣ ሰው ሲሞት ዘጠኝ ቀን ይጸለያል፤ የቤቱም መስኮት ይዘጋል። እኔ የትምባሆ ማድረቂያውንም ቤት ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ሰው ሁሉ ሐዘኑ ነው አለ። እውነቱን ልናገር? ስገባ እሱን እሱን ሸተተኝ፤ ላብና ቅጠል። በሩን ብከፍት የሚሄድብኝ መሰለኝ። በየቀኑ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ሽታውን ስስብ እውል ነበር።

በስድስተኛው ቀን ዋርሳዬ ፌርሚን ማድረቂያው ቤት ድረስ መጣ። ከደቡብ እርጥብ ነፋስ ገብቶ ስለነበር ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

“አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ? ጠዋት ይከፈታል፣ ቀትር ላይ ይዘጋል። ይሄን አንቺ አጥተሽው ነው?”

“ወንድምህ ሞቶ አንተ ስለ መስኮት ታወራለህ?”

“ወንድሜማ ይሄን ቢያይ ከሬሳ ሣጥኑ ተነስቶ ይመጣልሽ ነበር!”

አንድ ቅጠል አውርዶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። መሐል አጥንቱ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጥቶበታል።

“እስቲ አሽቺው።”

ሻጋታ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ባሌ ነው ብዬ የታቀፍኩት ሻጋታ! በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ከዚያ ተነስቼ መስኮቱን ሁሉ በረገድኩት። ፌርሚን የሻገተውን እየለየ ጣለ። እርጥበቱ እንዲወጣ ወለሉ ላይ ከሰል አቀጣጠልን፤ ትንሽ ብቻ፣ ምክንያቱም ሙቀት ከበዛበት ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይደርቅና ሽታ የሚባል አይኖረውም። ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ እከፍታለሁ፣ ፀሐይ ሲከር እዘጋለሁ። ቤቱ መጀመሪያ ድርቆሽ ድርቆሽ ሸተተ፤ እየቆየ ጣፈጠ።

ሲሶው ጠፋ፣ የቀረው ተረፈ። ከወራት በኋላ ፌርሚን ከዚያው ቅጠል አንድ ሲጋር ጠቅልሎ አመጣልኝ። ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ቆየሁ።

“እሱ ነው” አልኩት።

“ላስቀምጥልሽ?”

ዘግቶ ማስቀመጡንማ አየሁት።

“ለኩሰው” አልኩት። “ግን አደራህን ፌርሚን፣ ቀስ ብለህ አጭሰው።”