ማር የጠጣ ሊሾ

«ማጠንከሪያውን አሳንሰህበታል። ሌላ ምንም አይደለም፤ አሳንሰህበታል» አሉ ጋሼ ጥበቡ፣ እንደገና።

«እርስዎ ፊት አይደል እንዴ የለካሁት? ጣሳውን ይዘውልኝ የነበሩት ማን ናቸው?» አለ ረድዋን።

«እኔ ጣሳ ያዝኩ እንጂ መለኪያ አልያዝኩም።»

«እሺ፣ መለኪያው ተሳሳተ እንበል። ቢሳሳት አንዱም ቦታ አይደርቅም ነበር። ይሄውልዎ፣ እዚህ ደርቋል። እዚህ ደግሞ ሸሽቷል። ማጠንከሪያ ቦታ አይመርጥም ጋሼ፣ የሚመርጠው ወለሉ ነው።»

ረድዋን በግድግዳው ሥር ባጋደመው ጣውላ ላይ ቁጢጥ ብሎ የቢላዋውን ጫፍ ወደ ወለሉ ሰደደ። ከትናንት በስቲያ ከማጠንከሪያው ጋር ቀላቅሎ የቀባው ኢፖክሲ የተባለ የወለል ቀለም እንደ ማስቲካ ተስቦ ተነሣ፤ ከሥሩ አሮጌው የሲሚንቶ ሊሾ ጠቁሮና ወዝቶ ታየ። ግማሹ የጋራዡ ወለል እንደ መስታወት ያበራል። የቀረው ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስላል፤ ቅቤ በተቀባ ፀጉር ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ኢፖክሲው ከየቦታው ሸሽቶ ጠርዝ ጠርዙን ተቋጥሯል። በየመሐሉ ደግሞ እግራቸው የተያዘ ንቦች ይንፈራገጣሉ። የሚገቡት በትልቁ የላሜራ በር ሥር ነው። በሩ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ስለሚል ከጋራዡ ውስጥ ሆኖ የመንገደኛውን እግር ማየት ይቻላል።

«ደግሞ ንቡ» አለ ረድዋን። «ንብ እዚህ ምን ይሠራል?»

«መቱ ከተማ ነው ያለኸው ልጄ። ንብ የማይገባበት ቤት ካለ አሳየኝ።»

«የኔ ሱቅ አይገባም።»

«ያንተ ሱቅ ደንበኛም አይገባም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ረድዋን ይስቅ ነበር። የወራቤ ልጅ ነው፤ መቱ ገበያ አጠገብ ቀለምና ምስማር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ለአንድ ተቋራጭ ሲሠራ የመድኃኒት መጋዘን ወለል ኢፖክሲ ቀብቷል። መቱ ውስጥ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በሩ ሥር ጎንበስ እያለ የሚያይም አልጠፋም።

ጋሼ ጥበቡ ያንን ሁሉ አላሰቡም። እሳቸው የሚያስቡት ኩመራን ነው። ኩመራ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ሰው ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ጋራዡን አይቶ ለልጃቸው ለገሊላ የላቦራቶሪ ፈቃድ ይሰጣታል፣ ወይም አይሰጣትም። ባለፈው ሲመጣ ውሃውን፣ መብራቱን፣ መስኮቱን ወዶ ነበር። ወለሉን በጫማው ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገና፣ «ይሄ ይመጥጣል። ደም ቢፈስበት አይታጠብም» አለ። ሴራሚክ ቢሉት መጋጠሚያው ቆሻሻ ይይዛል አለ። ኢፖክሲ የሚለውን ቃል ያመጣው ረድዋን ነው።

ካልተፈቀደላት ገሊላ ጂግጂጋ ትሄዳለች። አብራት የተማረች ጓደኛዋ እዚያ የግል ሆስፒታል ሥራ አግኝታላታለች፤ ዓርብ መገኘት አለባት። ከመቱ ጂግጂጋ የአገሩን ወገብ ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ስለሆነ፣ ዛሬ ማክሰኞ ከሰዓት በበደሌው ሚኒባስ ካልተነሣች አትደርስም። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ከሄዱ ቆይተዋል፣ በበዓል ይደውላሉ። እናቲቱ ካረፉ ወዲህ በዚህ ቤት የሚሰማው ድምፅ የገሊላ ብቻ ነው። ስለ ጂግጂጋ የነገረቻቸው ቀን ጋሼ ጥበቡ፣ «ለምን እዚሁ አትከፍቺም? ጋራዡ ባዶ ነው፣ መኪናውን እሸጠዋለሁ» አሏት። ገሊላ ጋራዡን ብዙ አየችው። «ፈቃድ ከሰጡኝማ እሺ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች እሺ ላይ ነው የሚኖሩት።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ ረድዋን፣ ቢላዋውን በጨርቅ እየጠረገ። «እዚህ ቤት ምን ነበር የሚቀመጠው?»

«መኪና።»

«መኪና ብቻ?»

«ነገርኩህ እኮ። ጠብታ ዘይት የማያፈስ መኪና።»

ይህንኑ ነበር መጀመሪያም የመለሱለት። ያን ቀን ረድዋን ሊሾውን በመዶሻው እጀታ አንኳኩቶ፣ ዘይት ወይም ቅባት የጠጣ ከሆነ መፈለጥ አለበት፣ ተፈልጦ እንደገና መለሰን አለበት፣ አዲሱ ሲሚንቶ ደግሞ በዚህ ዝናብ ለመድረቅ ወር አይበቃውም ብሏቸው ነበር። ወር የሚባል ነገር በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ መኪና አሉት። መኪናው የመጣው ግን ኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጋሼ ጥበቡ ማር ነጋዴ ነበሩ፤ ከሁሩሙና ከያዮ የሚመጣውን ማር ከነሰፈፉ የሚያፈሱት፣ የሚያጣሩት፣ በጀሪካን የሚሞሉት እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ነበር። በርሜል ስንት ጊዜ ተደፍቶባቸዋል። ረድዋን ሊቀባ የመጣበት ዋዜማ ማታ ብቻቸውን ገብተው፣ ውሃ እያፈሉ በሳሙና ወለሉን ደጋግመው አጥበውት ነበር። ጠዋት ሲያዩት ነጭ ነው። ዳነ ብለው ነበር።

ከቤት ወደ ጋራዡ በሚያስገባው ትንሽ በር ገሊላ ብቅ አለች። ነጭ ስኒከሯን ተጫምታ፣ የደም ስኳር መለኪያዋን ይዛለች።

«ጣት ስጠኝ አባዬ።»

«ቆይ፣ ሥራ ላይ ነን።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው ሁሉ በግራጫ ኢፖክሲ ተለስነዋል። እያገላበጠች ፈለገች፣ የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ብቻ ተርፋለች። እሷን ጠርጋ ወጋቻት። መለኪያዋ ጢጥ አለች፤ ገሊላ አይታ ኪሷ ከተተቻት።

«ስንት ሆነ?»

«ደህና ነው። ምሳ ላይ ዳቦ አትብላ።»

ደህና ሲሆን ቁጥሩን ትነግራቸው ነበር።

ወለሉን አየች። ረድዋን ዓይኑን ሰበረ። «አባዬ፣ ተወው» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ምኑን ነው የምተወው? እስከ ከሰዓት ይደርቃል። ሙቀት ነው ያነሰው፤ ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ አየሽ?»

ገሊላ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ኢፖክሲው ከተቀባ ወዲህ ትልቁ በር ስለማይከፈት፣ የቤቱ ሰው የሚወጣው በጓሮ ዞሮ በጎረቤታቸው በእትዬ ድንቅነሽ አጥር ሽንቁር ነው። ጋሼ ጥበቡም በዚያው ሾልከው ሄዱና ሁለት የከሰል ማንደጃ ጠየቁ።

«ለምን?» አሉ እትዬ ድንቅነሽ።

«ለወለሉ።»

«ወለሉን ብርድ መታው? ኧረ ማሎ ጥበቡ፣ ልጅቱን ምሳ አብላት። ለወለል ከሰል ከምታነድ።»

«ትሰጭኛለሽ አትሰጭኝም?»

ሰጧቸው። ከሰሉንም ራሳቸው አቀጣጠሉላቸው፣ እያጉረመረሙ።

ረድዋን ማንደጃዎቹን ሲያይ ተነሣ። «አይሆንም። በዚህ እሳት አይደርቅም፣ ይበላሻል።»

«ከዚህ የባሰ ምን ይበላሻል?»

ማንደጃዎቹን በድንጋይ ላይ አሳርፈው ቁጭ ብለው ጠበቁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጥቂት ቆይቶ በአንደኛው ማንደጃ ዙሪያ ወለሉ ማላብ ጀመረ። ከፈንጣጣዎቹ መሐል ትንንሽ ቢጫ ነጠብጣብ ወጣ፣ ተያያዘ፣ አበራ። ከዚያ ሽታው መጣ። ጋሼ ጥበቡ ከረድዋን ቀድመው አወቁት። የያዮ ጫካ ማር ነው፣ ጠቆር ያለው፣ ጉሮሮ የሚይዘው።

ረድዋን በጣቱ ነክቶ አሸተተ። «ሰም» አለ።

ጋሼ ጥበቡ ከሰሉን ቆሰቆሱ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰም ነው።»

«እዚህ ነበር የማጣራው» አሉ። «መኪናው ከመምጣቱ በፊት።»

«ስንት ዓመት?»

«ልጅቱ ሳትወለድ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ፍለጠው ትለኝ ነበር።»

«አዎ። ፍለጠው እልዎት ነበር።»

«በፈላ ውሃ አጥቤው ነበር እኮ። በሳሙና። ነጭ ሆኖ ነበር።»

ረድዋን ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «በፈላ ውሃ። ሰም በፈላ ውሃ ወዴት የሚሄድ መሰለዎት? ቀልጦ ወደ ታች ነው የገባው። ላዩን ያለው ቢሆን እፍቀው ነበር፣ እርስዎ እታች ድረስ አጠጡት።» ሮለሩን አነሣ፣ ብሩሾቹን ሰብስቦ ባልዲው ውስጥ ወረወረ። «ገበያ ውስጥ ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ? የረድዋን ቀለም አይደርቅም እያሉኝ ነው። ጠዋት አንዱ፣ ለአጥሬ የገዛሁትን ልመልስ ብሎኝ ሄደ። እርስዎ ደግሞ ቁጭ ብለው ማጠንከሪያ አሳነስክ ይሉኛል።»

ባልዲውን አንጠልጥሎ በጣውላው ላይ ወደ ትንሹ በር አመራ።

«አትሂድ» አሉ ጋሼ ጥበቡ።

ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። ረድዋን ቆመ። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው፣ እጃቸው እንደተለሰነ፣ ዓይናቸውን ባልዲው ላይ ተክለዋል።

«ትሄዳለች» አሉ። «ካልሆነ ትሄዳለች።»

ረድዋን ዞሮ ወለሉን አየ። ከዚያ ባልዲውን አስቀመጠው።

«አንድ ጣሳ ቀርቶኛል» አለ። «ሰም የጠጣውን በሙሉ ፈልጠን ብናወጣ፣ ኢፖክሲውን ከአሸዋ ጋር ለውሼ እሞላዋለሁ። እሱ እንደ ሲሚንቶ ወር አይፈልግም። ግን ሰሙ የት ድረስ እንደገባ አላውቅም። ዋስትና አልሰጥዎትም። ዛሬም አይደርስም።»

«ነገ ጠዋትስ?»

«ሌሊቱን ከሠራን… አላውቅም ጋሼ።»

ይህ በቃቸው። ገሊላን ጠርተው፣ ኩመራን ደውለሽ ለነገ አስለውጪው አሏት። ወደ ውስጥ ገብታ ስታወራ ድምፅዋ ይሰማል፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ኋላ በኦሮምኛ፣ በልመና። ተመልሳ ትንሹ በር ላይ ቆመች።

«ነገ ጠዋት ወደ ኡካ ይወጣል። የሐሉ ወረዳን ሲጨርስ ሌሎቹ ወረዳዎች አሉበት። እዚህ የሚመለሰው ከመስቀል በኋላ ነው አለኝ።»

«ከመውጣቱ በፊት መናኸሪያው ላይ እንይዘዋለን» አሉ ጋሼ ጥበቡ። «ገና ሳይሳፈር። አንድ አፍታ ነው፣ አይቶ ይሄዳል።»

«አባዬ፣ የኔ መኪና ዛሬ ነው።»

«ኩመራ ጥሩ ልጅ ነው። አባቱን አውቃቸዋለሁ፣ ማር ከእኔ ነበር የሚገዙት። እንቢ አይለኝም።» መሮውን አነሡ። «ረድዋን፣ ከየት ልጀምር?»

«ከጥጉ።»

ተንበረከኩ። የመጀመሪያው ምት ክንዳቸውን አደነዘዘው። ሊሾው ተሰነጠቀ፣ ቅርፊቱ ሲነሣ ውስጡ ቢጫ ነው። ጠለቅ አድርገው መቱ፣ አሁንም ቢጫ ነው። ረድዋን ከወዲያኛው ጥግ ጀመረ። የሁለቱ መዶሻ አንዴ እየገጠመ አንዴ እየተለያየ ቤቱን ሞላው።

ምን ያህል እንደሠሩ አላወቁም። ዝናቡ አባርቷል። ገሊላ እንደገና ትንሹ በር ላይ መጥታ ቆማለች።

«መድኃኒትህን ለጠዋትና ለማታ ለይቼዋለሁ» አለች። «ጠረጴዛው ላይ ነው። ለእትዬ ድንቅነሽ መለኪያውን አሳይቻቸዋለሁ፣ ያውቁታል።»

«እሺ።»

«ሻይም አለ፣ ፔርሙዝ ውስጥ። ስኳር የለውም።»

«እሺ፣ እሺ። በዚህ እንዳትመጪ ብቻ፣ ትረግጪዋለሽ።»

«በጓሮ ነው የምዞረው» አለች።

እንደቆመች ነበር፤ ምናልባት ቀና ይላሉ ብላ። ቅርፊቱ ሊነሣ ተቃርቦ ነበርና አላሉም። ሲነሣ በሩ ላይ ማንም የለም።

መዶሻቸውን አጠንክረው ያዙ። ጠርዙን ለማየት ጉንጫቸው ወለሉን እስኪነካ ጎንበስ አሉ። በላሜራው በር ሥር መንገዱ ይታያል፤ ጭቃ፣ የአህያ ኮቴ፣ ገበያ የሚመለሱ የሁለት ሴቶች ኮንጎ ጫማ። ከኋላቸው ነጭ ስኒከር መጣ። ከስኒከሩ አጠገብ የሻንጣ ጎማዎች ጭቃው ውስጥ እየሰመጡ እየወጡ ይጎተታሉ። በሩ ፊት ለፊት ሲደርስ ስኒከሩ ቆመ። ከወዲያ ጥግ የረድዋን መዶሻም ቆመ። ከዚያ ጎማዎቹ መንጫጫት ጀመሩ፣ ወደ መናኸሪያው፣ ቁልቁል።

ጋሼ ጥበቡ የተላቀቀውን ቅርፊት በጣታቸው ፈልቅቀው አወጡና ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ከታች በኩል ግራጫ ነበር፤ ደረቅ፣ ንጹሕ ሲሚንቶ።

«እየው» አሉ። «እዚህ አልገባም።»

ረድዋን በጣውላው ላይ መጥቶ አየው። በአውራ ጣቱ ፈተገው፣ አሸተተው።

«አልገባም» አለ። «ሰፊውን መሮ ያቀብሉኝ።»

አቀበሉት።